ከአፕዴት በኋላ ዲስክ አላነብ የሚል የጌም ኮንሶል፦ መንስኤውና የቤት ውስጥ ጥገናው

የጌም ኮንሶል ባለቤቶችና ጠጋኞች ደጋግመው ከሚያነሷቸው ቅሬታዎች አንዱ ይህ ነው፦ ኮንሶሉ ማታ አፕዴት ተደረገ፣ ጠዋት ዲስክ ሲገባበት አላነብ አለ። ማሽኑ ይነሳል፤ በሃርድ ዲስኩ ላይ የተጫኑት ጨዋታዎችም ይሠራሉ። ዲስኩ ግን ትንሽ ይሽከረከርና ዝም ይላል፣ ወይም ተመልሶ ይወጣል። ጥፋተኛው አፕዴቱ ነው የሚል ፍርድ ወዲያው ይሰጣል። ፍርዱ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያረጀ ሌዘር ነው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ማሽኑን መፍታት ደግሞ ሊድን ይችል የነበረውን ዕቃ ጨርሶ ያጠፋል።

የዲስክ ማንበቢያው ከሌሎቹ የኮንሶሉ ክፍሎች ቀድሞ ቢደክም አያስገርምም። በውስጡ አንድ ሞተር ዲስኩን ያሽከረክራል፤ ሌላ ትንሽ ሞተር ሌዘሩን የተሸከመውን ክፍል በሐዲድ ላይ ከመሃል ወደ ዳር ይገፋል። ሌንሱ በቀጫጭን ሽቦዎች ተንጠልጥሎ በመግነጢስ ኃይል ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተንቀሳቀሰ ብርሃኑን በዲስኩ መስመር ላይ ያሳርፋል። መስመሮቹ እጅግ የተቀራረቡ ናቸው። በሲዲ ላይ በአንዱ መስመርና በቀጣዩ መካከል 1.6 ማይክሮሜትር ርቀት አለ፤ በዲቪዲ ወደ 0.74፣ ከዲቪዲ በኋላ በመጣው ብሉሬይ ደግሞ ወደ 0.32 ማይክሮሜትር ይወርዳል። ሌዘሩም እንደ ዲስኩ ይለያያል፦ ለሲዲ 780፣ ለዲቪዲ 650፣ ለብሉሬይ 405 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ያስፈልጋል። አንድ ንብርብር ያለው ብሉሬይ 25 ጊጋባይት ሲይዝ ተመሳሳይ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ብቻ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህ ሁሉ ጥበት የሚከፈለው ዋጋ ስስነት ነው። ሲዲ ሲነበብ ምንም የማያደርግ አቧራ ብሉሬይን ያስቆማል።

ብርሃኑን የሚያመነጨው የሌዘር ዲዮድ በሥራ ብዛት ብርሃኑ እየደከመ ይሄዳል፤ ሁሉም ዓይነት ብርሃን ግን በአንድ ቀን አይደክምም። ዲቪዲ ያለ ችግር እያነበበ ብሉሬይን አላውቅም የሚል ማሽን የሚያጋጥመው ለዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ የፕሌይስቴሽን 3 ሞዴሎች ውስጥ ያለው ኬኢኤስ-400ኤ የተባለው የሌዘር ክፍል እንዲያውም ሁለት ሌንሶች ጎን ለጎን ነበሩት፣ አንዱ ለብሉሬይ ሌላው ለዲቪዲና ለሲዲ። አንዱ ሌንስ ሲሞት ሌላው ይሠራል፤ ባለቤቱም ግማሽ ጤነኛ ማሽን ይዞ ግራ ይጋባል።

ችግሩ ከብሉሬይ በፊትም ነበር። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሌዘሩን የተሸከመው የፕላስቲክ ክፍል ሲበላ ዲስክ አላነብ ስለሚል፣ ባለቤቶቹ ማሽኑን ገልብጠው በጀርባው አስተኝተው ይጫወቱበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ለኒንቴንዶ ኩባንያ ዊ ኮንሶል የወጣ ባለ ሁለት ንብርብር የጨዋታ ዲስክ በብዙ ቤቶች አልነበብ ሲል፣ ኒንቴንዶ መንስኤው የቆሸሸ ሌንስ መሆኑን ገልጾ በነጻ ጠግኗል። ለወራት የኖረ ቆሻሻ ራሱን የገለጸው አስቸጋሪው ዲስክ ሲመጣ ነው። በዚያች ሰሞን አፕዴት ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ ለአፕዴቱ ይሰጥ ነበር።

አፕዴት ወደ ዲስክ ማንበቢያው እጁን አይዘረጋም ማለት ግን አይደለም። የኮንሶል አፕዴት የምናሌውን መልክ ብቻ አይቀይርም። ማንበቢያው የራሱ አነስተኛ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር አለው፤ ይህም አብሮ ሊታደስ ይችላል። የብሉሬይ ፊልሞች ምስጢራዊ መፍቻ ቁልፎችም በአፕዴት ነው የሚመጡት፤ አዲስ ፊልም አልነበብ ሲል አንዳንድ ጊዜ መድኃኒቱ ራሱ አፕዴት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከተመዘገቡት ክስተቶች ጥቂቶቹን ማየት ይጠቅማል። በሐምሌ 2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የፕሌይስቴሽን 3 አፕዴት 2.40 አንዳንድ ማሽኖችን እንዳይነሱ በማድረጉ አምራቹ ሶኒ ወዲያው አነሳው፤ በቀናት ውስጥም 2.41ን አወጣ። በቀጣዩ ዓመት፣ በመስከረም 2009፣ አፕዴት 3.00 ሲወጣ ብሉሬይ ማንበቢያቸው እንደሞተ የተናገሩ ባለቤቶች በረከቱ፤ በአሜሪካም በኩባንያው ላይ የቡድን ክስ ተመሠረተ። የከሳሾቹ ምሬት ግልጽ ነበር፦ ኩባንያው ራሱ ጫኑ ያለው አፕዴት ማሽኑን አበላሽቶ፣ ለጥገናው 150 ዶላር ክፈሉ ይባላል። በግንቦት 2011 ደግሞ ማይክሮሶፍት በኤክስቦክስ 360 ላይ በግልጽ አመነ። በዲስክ ላይ 1 ጊጋባይት ገደማ ተጨማሪ ቦታ ለሚሰጥ አዲስ አሠራር ማሽኖቹን ያዘጋጀው አፕዴት ጥቂት ባለቤቶችን ዲስክ እንዳይጫወቱ እንዳገዳቸው ተናግሮ፣ የተጎዱትን በኢንተርኔት አገልግሎቱ እየለየ ኮንሶላቸውን ቀየረላቸው። ይህ ምስክርነት ትልቅ ክብደት አለው። አፕዴት ማንበቢያን ሊያውክ እንደሚችል አምራቹ ራሱ ተናግሯልና፣ ቅሬታ ያለውን ሰው ሁሉ «ያንተ ማሽን አርጅቷል» ብሎ መመለስ ተገቢ አይደለም።

ሆኖም ሌላውም ወገን እውነት አለው። በ2009 መገባደጃ ላይ ከ20 ሚሊዮን በላይ ፕሌይስቴሽን 3 ተሽጦ ነበር። ይህን ያህል ማሽን በአንድ ሳምንት ውስጥ አፕዴት ሲደረግ፣ በዚያው ሳምንት ሌዘራቸው ሊሞት የነበረ በሺዎች የሚቆጠሩ ማሽኖች አብረው ይቆጠራሉ፤ ባለቤቶቻቸውም ከሞቱ በፊት የሆነውን የመጨረሻ ነገር ያስታውሳሉ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 2010 ቀደምት የፕሌይስቴሽን 3 ሞዴሎች በመላው ዓለም ሲታወኩም መጀመሪያ የተጠረጠረው ብዙ ነገር ነበር። መንስኤው የማሽኑ ሰዓት 2010ን የፈረንጆቹ የካቲት (ፌብሩዋሪ) 29 ቀን ያለው ዓመት አድርጎ መቁጠሩ ሆኖ ተገኘ፤ በማግስቱም ችግሩ በራሱ ጠፋ። በዚያች አንድ ቀን ማሽኑን የፈታ ሰው ጤነኛ ዕቃ ፈታ።

ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳት በፊት መለየት ይቀድማል። ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት፣ ገመዱን ነቅሎ ጥቂት ደቂቃዎች ማቆየት፣ ከዚያ የተለያዩ ዲስኮችን መሞከር ነው፦ የጨዋታ ብሉሬይ፣ የፊልም ዲቪዲ፣ ማሽኑ የሚቀበል ከሆነም የሙዚቃ ሲዲ። አንዱን ዓይነት አንብቦ ሌላውን እምቢ ካለ ጥርጣሬው ወደ ሌዘሩ ያደላል። ሁሉንም እምቢ ብሎ ዲስኩ እንኳን የማይሽከረከር ከሆነ ሞተር፣ ሪቦን ኬብል (ጠፍጣፋው ቀጭን ገመድ) ወይም ቦርድ ሊሆን ይችላል። ዲስኩን ወደ ውስጥ የማይስብ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የቆሸሹት የጎማ ሮለሮች ናቸው። በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ማብሪያውን ሁለተኛ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ተጭኖ በመያዝ ወደ ሴፍ ሞድ፣ ማለትም ማሽኑ ለጥገና ብቻ ወደሚነሳበት ገጽ መግባትና የመረጃ ቋቱን እንደገና ማደራጀት ይቻላል፤ ይህ ጨዋታዎችን አያጠፋም። እዚያው አፕዴቱን ደግሞ መጫንም ይቻላል። በፕሌይስቴሽን 3 ላይ አንድ አሳሳች ነገር አለ፦ ማንበቢያው አስቀድሞ ከተበላሸ አፕዴቱ ራሱ መጨረስ ያቅተውና ስህተት ይላል። ከውጭ ሲታይ አፕዴቱ ማንበቢያውን የገደለ ይመስላል፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ኮንሶል ያለው ሰው ሌላም ነገር ይመርምር። የፊልም ዲስኮች በዓለም ክልል የተከፋፈሉ ናቸው፤ በአሜሪካ የተሸጠ ማሽን ለአፍሪካና ለአውሮፓ ክልል የታተመ ብሉሬይ ወይም ዲቪዲ ላያጫውት ይችላል። የፕሌይስቴሽን 3 ጨዋታዎች ግን ከጥቂቶች በስተቀር ይህ ገደብ የለባቸውም። ፊልሙን አላነብ ብሎ ጨዋታውን የሚያነብ ማሽን ምናልባት ምንም አልሆነም። ሶፍትዌሩ የተቀየረ ኮንሶልም እንዲሁ ነው፤ የአምራቹን አፕዴት ሲቀበል የተቀየረው ሶፍትዌር ይጠፋና የተቀዱ ጨዋታዎች መሥራት ያቆማሉ፤ ማንበቢያው ግን ደህና ነው።

ጥገናው ራሱ በትዕግሥት ለሚሠራ ሰው የሚቻል ነው። ገመዱ ተነቅሎ፣ ብሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ በተፈቱበት ቅደም ተከተል ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ ደረጃ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ይሠራል። አንዳንዶቹ ብሎኖች መሃሉ የተቦረቦረ ባለ ስድስት ጥርስ መፍቻ ይፈልጋሉ። የኃይል ማቀበያው ሳጥን አይከፈትም፤ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይይዛል። ክዳኑ ተከፍቶ ማሽኑ በሚሠራበት ጊዜ ሌንሱን በዓይን መመልከት ዓይንን ይጎዳል።

ሌንሱ የሚጸዳው 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በትንሹ በራሰ የጥጥ እንጨት፣ ሳይጫኑ ነው። የእጅ ማጽጃ አልኮል ግሊሰሪን ስለሚኖርበት በሌንሱ ላይ ሽፋን ይተዋል፤ ከማጽዳቱ በፊት ከነበረው የባሰ ይሆናል። የተጫረ ዲስክን በጥርስ ሳሙና መፈግፈግ ደግሞ በሲዲ ዘመን የቀረ ልማድ ነው። በብሉሬይ መረጃው ያለው ከገጹ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ስለሆነ መፈግፈጉ ዲስኩን ይገድለዋል። የሌዘሩን ጉልበት በትንሿ መቆጣጠሪያ ብሎን ከፍ ማድረግም ይወራል። ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፤ ነገር ግን የደከመውን ዲዮድ ቶሎ ስለሚያቃጥለው አልመክረውም።

ሌዘሩ የሚቀየር ከሆነ ሁለት ነገሮች ወሳኝ ናቸው። የመጀመሪያው፣ አንዳንድ አዳዲስ የሌዘር ክፍሎች በጉዞ ላይ በስታቲክ ኤሌክትሪክ እንዳይጎዱ ሁለት ነጥቦቻቸው በትንሽ ብየዳ ተገናኝተው ይመጣሉ። ያ ጠብታ ካልተነሳ አዲሱ ሌዘር አይሠራም፤ ብዙ ሰው የተበላሸ ዕቃ ሸጡልኝ ብሎ ጤነኛውን ይጥላል። ሁለተኛውና ዋናው የማንበቢያው ቦርድ ነው። በፕሌይስቴሽን 3፣ በኤክስቦክስ 360፣ በኤክስቦክስ ዋንና በመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ቦርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር በምስጢራዊ ቁልፍ የተጣመረ ነው። ከሌላ ማሽን የተወሰደ ሙሉ ማንበቢያ ቢገጠምለት ዲስኩን ያሽከረክራል እንጂ ጨዋታ አያነብም። መፍትሔው ሌዘሩንና መካኒካል ክፍሉን ቀይሮ የቀድሞውን ቦርድ መልሶ መግጠም ነው። በኋላ በወጡት የፕሌይስቴሽን 4 ሞዴሎች መቆጣጠሪያው ወደ ማዘርቦርዱ ስለተዛወረ ሥራው ቀሏል።

ይህ ቁልፍ የተቀዱ ዲስኮችን ለመከላከል የተሠራ ነው፤ ጫናው ግን በገዛ ገንዘቡ የገዛውን ዕቃ ሊያድን በሚሞክረው ሰው ላይ ይወድቃል። የአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት በጥቅምት 2021 ለኮንሶል ዲስክ ማንበቢያ ጥገና ሲባል ቁልፉን ማለፍን ፈቅዷል፤ ከጥገናው በኋላ ጥበቃው እንዲመለስ ግን ያዛል። በወረቀት ላይ ፈቃድ ተገኘ፣ ማጣመሪያ መሣሪያው ግን በአምራቾቹ እጅ ቀረ። ሚኒሶታና ካሊፎርኒያ ያወጧቸው የመጠገን መብት ሕጎችም የጌም ኮንሶሎችን ከሽፋናቸው አስቀርተዋል። ስልክና ላፕቶፕ የተገባቸው መብት ለኮንሶል የሚነፈግበት አሳማኝ ምክንያት አይታየኝም። በ2023 የወጣው ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 5 ማንበቢያው ያለ ካቻቢቴ ተነቅሎ የሚተካ ሆኗል፤ አዲሱ ሲገጠም ግን ለማጣመር አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ይጠይቃል።

በኢትዮጵያ ከተሞች ባሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ኮንሶሉ ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራል፤ አቧራውም አይጣል ነው። ከአቧራው የሚብሰው ግን በአፕዴት መሃል የሚጠፋው መብራት ነው። የተቋረጠ አፕዴት ማሽኑን በሴፍ ሞድ ገጽ ላይ ሊያቆመው ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ መልሶ በመጫን ይድናል። ደካማ ኢንተርኔት ባለበት ሰዓታት የሚወስደውን ማውረድ በኮምፒውተር ጨርሶ፣ ፋይሉን አምራቹ በሚያዘው ስም በተሰየመ ፎልደር ውስጥ በፍላሽ ማስቀመጥና ከዚያ መጫን ይቻላል። መጫኑ ራሱ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ስለሚፈጅ፣ እነዚያን ደቂቃዎች መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ አነስተኛ ዩፒኤስ ይሸፍናቸዋል። ከመጀመሩ በፊት ዲስኩን ማውጣት፣ ማንበቢያው በደህናው ጊዜ የትኞቹን ዲስኮች እንደሚያነብም ሞክሮ ማወቅ ያስፈልጋል።