«በዘራችን የለም»፦ የልጆች የደም ካንሰር፣ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ አንድ ልጅ ሉኪሚያ፣ ማለትም የደም ካንሰር፣ ተገኘበት ከተባለ ጠያቂው ግምቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሳያልፍ ጥፋተኛ ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ እናትየዋ ናት።

«በእኛ ዘር የለም፤ ከእሷ ወገን ነው።»
ስህተቱ ከቃሉ ይጀምራል። ሐኪም «የዘረ መል ለውጥ» (ሴል ውስጥ ባለው መመሪያ ላይ የመጣ ለውጥ) ሲል ቤተሰብ «የዘር በሽታ» ብሎ ይሰማዋል። በአብዛኞቹ ልጆች ግን ለውጡ የሚፈጠረው ደም በሚሠራበት መቅኔ፣ ከአንዲት ሴል ነው፤ ማንም አላወረሳቸውም። የተወረሰ ተጋላጭነት የሚገኝባቸው ከመቶ ከ5 እስከ 10 ያህሉ ናቸው። ዳውን ሲንድረም (ከውልደት ጀምሮ ያለ፣ በአንድ ትርፍ ክሮሞዞም ምክንያት የሚመጣ ሁኔታ) ያለበት ልጅ በሉኪሚያ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ከ10 እስከ 20 እጥፍ ይበልጣል፤ ዳውን ሲንድረም ራሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአጋጣሚ የሚፈጠር ነው። አንድ ዓይነት መንትዮች ሁለቱም ሲታመሙስ? ያኔም ቢሆን የታመመው ሴል ማህፀን ውስጥ በጋራ እንግዴ ልጃቸው በኩል ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግሮ ሊሆን ይችላል።

«አልትራሳውንድ ስላበዛች ነው።»
አልትራሳውንድ የድምፅ ሞገድ እንጂ እንደ ራጅ ጨረር አይደለም። ጥንቃቄ የሚያሻው ራጅ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1956 እንግሊዝ ውስጥ ሐኪምና ተመራማሪ አሊስ ስቱዋርት የእርጉዝ ሴት ሆድ ራጅ ሲነሳ የልጁ ተጋላጭነት እንደሚጨምር አሳይታለች። ስለዚህ ራጅ ክፍል ከመግባትሽ በፊት እርጉዝ መሆንሽን ተናገሪ።

«ቤንዚን ሽታው ነው እንጂ ምን ያደርጋል?»
ይሄኛው ያሳስበኛል። የባጃጅ ቤንዚን በሃይላንድ ተሞልቶ አልጋ ሥር ሲቀመጥ አይቻለሁ። ነዳጁ ውስጥ ያለው፣ በስም የሚመሳሰለው ቤንዚን የተባለ ኬሚካል አዋቂዎችን ለደም ካንሰር እንደሚዳርግ ተረጋግጧል፤ በልጆችም ላይ ጥናቶች ግንኙነት አይተዋል። ቤት ውስጥ የሚረጭ ፀረ ተባይም እንዲሁ፤ ማስረጃው ግን ገና «ምክንያቱ ይህ ነው» አያሰኝም። ለማንኛውም ሁለቱም ልጅ ከሚተኛበት ይራቁ።

«ይተላለፋል።»
አይተላለፍም። ሳህን መለየት አያስፈልግም።

«አለቀለት።»
በብዛት የሚታየው ዓይነት በበለጸጉ አገሮች ከ10 ልጆች 9ኙ ያህል ይድኑበታል። እኛ ዘንድ ቁጥሩን የሚያወርደው ዘግይቶ መምጣትና ከ2 እስከ 3 ዓመት የሚፈጀውን ሕክምና ማቋረጥ ነው። መዘግየቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከትኩሳቱ ይነሳል፦ ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው እየተባለ ሳምንታት ያልፋሉ። ልጁ ከገረጣ፣ ሳይመታ ከበለዘ፣ እግሬን አጥንቴን ካለ፣ ትኩሳቱም ከተመላለሰበት ሙሉ የደም ምርመራ ይሠራለት ብላችሁ ጠይቁ።