ካውንተርሲንክ ምንድን ነው? ትልቅ ፑንታ አይደለም

«ቀዳዳውን በትልቅ ፑንታ ነካ አድርገው፣ ካውንተርሲንክ ማለት እሱ ነው።» ይህን ምክር መስማት ሰልችቶኛል። አዳማ ውስጥ የበር ላሜራ የሚሠራውም ይለዋል፣ ቤቱ ውስጥ ቀላል አውሮፕላን ለመሥራት የሚፍጨረጨረው ልጅም ይለዋል። ለበር ምንም አይደል። ለአውሮፕላን ፌሪንግ (ንፋሱ ሳይደናቀፍ እንዲያልፍ ለሚገጠመው ሽፋን) ግን አይሆንም።

ካውንተርሲንክ የቪቴ ወይም የሪቬት (ጫፉ ተጨፍልቆ የሚያያይዝ ምስማር) ጭንቅላት ከገጹ ጋር እኩል ሆኖ እንዲተኛ የቀዳዳውን አፍ የሚያሰፋ መቁረጫ ነው። ንፋስ በሚመታው ሽፋን ላይ ጭንቅላቱ ለምን መተኛት እንዳለበት አላብራራም፤ ይታወቃል።

የሚያናድደኝ ሁሉም ስለ ጥልቀት ብቻ ማውራቱ ነው። «ጭንቅላቱ ገብቷል፣ በቃ!» ይላሉ። መግባትማ ይገባል። ጥያቄው ምኑ ላይ ተቀምጧል ነው። የጭንቅላቱ ስር ሾጣጣ ነው፤ የሾጣጣው ማዕዘን በአውሮፕላን ቪቴና ሪቬት ላይ በአብዛኛው 100 ዲግሪ ነው። ከሱቅ የምንገዛው የሚሊሜትር ቪቴ 90 ነው፣ የአሜሪካኖቹ የኢንች ቪቴ 82። ከአንድ ወገን ብቻ ከሚታሰሩት ፖፕ ሪቬቶች መካከል 120 የሆነም አለ። የተለመደው ፑንታ ጫፍ ደግሞ 118 ነው፤ ከአንዳቸውም ጋር አይገጥምም።

ጀበናና ማቶት አስቡ። ማቶቱ ከጠበበ ጀበናው ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። የ100 ዲግሪ ጭንቅላት የ90 ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ እንዲሁ ነው፤ የሚነካው የላይኛው ጠርዙ ብቻ ነው። ማቶቱ ከሰፋ ጀበናው አልፎት ቂጡ ጠረጴዛ ይነካል። የ90 ቪቴ በፑንታ በተከፈተ ቀዳዳ ውስጥ አንገቱ ጋ ብቻ የሚይዘው ለዚህ ነው። ማቶት እንኳ ገር ነው፣ ሲጫኑት ይለመጣል። አሉሚኒየም ግን እንዲህ አይመቻችም። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ጭነቱን ሁሉ ያቺ ቀጭን መስመር ትሸከማለች። ፋይበር ግላስ ከሆነማ ዙሪያውን ይሰነጠቃል።

«ዐሥር ዲግሪ ምን ታመጣለች?» ላለው ወዳጄ ሒሳቡ ይኸው። ቀዳዳው 4 ሚሊ፣ ጭንቅላቱ 8 ሚሊ ይሁን። በ90 ዲግሪ 2 ሚሊ ትቆርጣለህ፣ በ100 ግን 1.7 ገደማ። ፌሪንግህ 2 ሚሊ ውፍረት ካለው 90ው ማዶ ይወጣል፤ የቀዳዳው ጠርዝ ስለት ይሆንና ቀዳዳው መስፋት ይጀምራል። በ100 የምትተርፈው 0.3 ሚሊም አታስተማምንም፤ ከጀርባው ሁለት ሦስት ንጣፍ ፋይበር ጨምርበት።

መግጠሙን ማወቅ ቀላል ነው። የጭንቅላቱን ስር በማርከር ቀቡት፣ ቀዳዳው ውስጥ አስገቡና ተጭናችሁ አንዴ አዙሩት። ቀለሙ በሙሉ ከተፋቀ ገጥሟል። ቀለበት ብቻ ከተፋቀ አልገጠመም።

መሣሪያውስ? ለአሉሚኒየም ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ የሚመራ ጫፍ ያለው መቁረጫ፣ ማይክሮስቶፕ በሚባለው ጥልቀት በሚወስን መያዣ ውስጥ። መያዣው አንድ ጠቅ ባለ ቁጥር ጥልቀቱ በ0.025 ሚሊ ይቀየራል። መሪው ከቀዳዳው ጋር ልክ ካልሆነ ግን ውድ መያዣም አያድንም። ለፋይበር ግላስ ባለ አንድ ስለት ይሻላል፤ ብዙ ስለት ያለው በእጅ ድሪል ሲያዝ ይንቀጠቀጥና አፉን ባለ ብዙ ጎን ያደርገዋል። ካርባይድ (በጣም ጠንካራ የመቁረጫ ቁስ) ከሆነ ደግሞ እሰየው፤ ፋይበሩ ውስጥ ያለው ብርጭቆ ተራውን ብረት ቶሎ ያዶለዱመዋል።

ማንም ባይጠይቀኝም፣ ፋይበር ስትቆርጡ ማስክ አድርጉ። በአዳማ ንፋስ ደጅ ላይ ከቆረጣችሁት ብናኙ የጎረቤት ስጥ ላይ ነው የሚያርፈው።

ሌላም አለ። ለ2.4 ሚሊ ሪቬት ላሜራው ከ0.8 ሚሊ ከቀጠነ ካውንተርሲንክ ጭራሽ አይነካውም። እንዲህ ያለው ላሜራ የሚጎደጉደው ዳይ በሚባል ቅርጽ ማውጫ ብረት ተጨፍልቆ ነው፤ ዳዩም የ100 ዲግሪ መሆን አለበት።