ሻጩ ዋጋውን ያላወቀውን ጠገራ ብር መግዛት ማታለል ነው?

ባቲ ሰኞ ገበያ ጠገራ ብር ሲያገላብጥ የዋለ ሰው ይህ ጥያቄ አይቀርለትም። ማርትሬዛ በሚባለው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ባለበት ጠገራ ብር ላይ የተቀረጸው 1780 በፈረንጆች አቆጣጠር ንግሥቲቱ ያረፈችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላም ቁጥሩ ሳይቀየር ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ «የ1780 ነው» ያለ ነጋዴ ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም፤ ያነበበውን ነው የነገረህ።

ነጋዴው የሚወደደውን የምኒልክን ብር ከማርትሬዛ ክምር ቀላቅሎ በአንድ ዋጋ ቢሸጥስ? የምኒልክ ብር መለያ የሆነውን አንበሳ አይተህ ዝም ብትል፣ በእኔ ግምት ነውር የለውም፤ ሸቀጡን ማወቅ የእሱ ሥራ ነው። ብሩን ከአንገታቸው አውልቀው የሚሸጡልህን እናት «እናቴ፣ ይሄ ተራ ነው» ብለህ ካሳመንክ ግን ሌላ ነው። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግም በተንኮል የተገኘ ፈቃድ ውሉን ሊያፈርሰው እንደሚችል ይደነግጋል። «ልጄ፣ ምን ያወጣል?» ብለው ከጠየቁኝማ እኔ እነግራቸዋለሁ።