ኮምፓክት ኤስዩቪ ምንድን ነው? ሰው በራቀው አገርስ ያስተማምናል?

ኮምፓክት ኤስዩቪ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ጣሪያው ላይ የዕቃ ማሰሪያ ብረት ተገጥሞለት፣ የጎማው ዙሪያ በጥቁር ፕላስቲክ ተከቦ ሲያዩት ገደል የሚወጣ ይመስላል። ከኋላው «ፎር ዊል ድራይቭ» (በአራቱም ጎማ የሚነዳ) የሚል ጽሑፍ ካለበት ደግሞ ባለቤቱ ሌላ ማረጋገጫ አይፈልግም። ብዙ ሰው መኪናው በእርግጥ ምን እንደሚችል የሚጠይቀው አስፋልቱም ጠጠሩም ካለቀ በኋላ፣ ጎማው አሸዋ ውስጥ መሽከርከር ሲጀምር ነው። ያ ደግሞ ለጥያቄ በጣም የዘገየ ሰዓት ነው። ጥያቄው ቤት ሳሉ ቢጠየቅ ይሻላል።

ከሥሩ ስንነሣ ይህ መኪና የቤት አውቶሞቢል ልጅ ነው። የቀድሞዎቹ አገር አቋራጭ መኪኖች በመሰላል ቅርጽ በተበየደ ወፍራም ሻንሲ ላይ ይቆማሉ፤ ሞተራቸው በቁመት ተቀምጦ የኋላ ጎማዎችን ይነዳል፤ የፊቱ ሲፈለግ ይጨመራል። ኮምፓክት ኤስዩቪ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ አካሉ ራሱ ሻንሲው ነው። ሞተሩ በአብዛኞቹ ላይ ከፊት በጎን ተኝቶ የፊት ጎማዎችን ያዞራል፤ የኋላዎቹ የሚጠሩት እርዳታ ሲያስፈልግ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1994 ራቭ 4ን ሲያወጣ ከቤት መኪኖቹ በተወሰዱ ክፍሎች ነበር የሠራው። በ1995 የሆንዳ ሲአርቪ፣ በ1997 የሱባሩ ፎሬስተር ተከተሉ። የታሰቡትም ከፍ ያለ መቀመጫ፣ ሰፊ የዕቃ ቦታና በዝናብም በበረዶም መንገድ የሚይዝ መኪና ለሚፈልግ ቤተሰብ ነው። ይህን ሥራ በሚገባ ይሠራሉ፤ ያልታሰቡበትን ሥራ ስላልሠሩ መውቀስ አግባብ አይደለም።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመጣ፣ ሰዎች አንድ አድርገው የሚያዩዋቸውን ሁለት ነገሮች መለየት ያስፈልጋል፤ ሩቅ መንገድ ሌላ፣ ከባድ መንገድ ሌላ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ከማሪ ከተማ ተነሥቶ በርድስቪል ከተማ የሚደርሰው የበርድስቪል ትራክ 517 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በዚያ ሁሉ ርቀት ሰው የሚታየው አልፎ አልፎ ነው። ግን የተጠረገ የጠጠር መንገድ ስለሆነ፣ ዝናብ እስካልጣለ ድረስ ጥሩ ጎማ ያሰረ ኮምፓክት ኤስዩቪ ረጋ ብሎ ይጨርሰዋል። ከበርድስቪል ወደ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ደግሞ ቢግ ሬድ የሚባል፣ 40 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የአሸዋ ኮረብታ ይቆማል። ከእሱ ወዲያ ሲምፕሰን በረሃ ነው። እንዲህ ያሉ የአሸዋ ኮረብታዎች ከ1,100 በላይ ሆነው ጎን ለጎን ተሰልፈዋል፤ በረሃውን የሚሻገር ሰው አንዱን ወጥቶ ወርዶ ሌላው ሥር ይደርሳል። በመካከሉ ማደያ የለም። ሙቀቱ ሰው ስለሚገድል በበረሃው ያለው ብሔራዊ ፓርክ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ለተጓዥ ይዘጋል። መነሻው አንድ ከተማ ነው፤ በስተ ደቡብ ያለው መንገድ ሩቅ ብቻ ነው፣ በስተ ምዕራብ ያለው ግን ሩቅም ከባድም ነው። የመጀመሪያውን በኮምፓክት ኤስዩቪ ሂዱ እላለሁ። ሁለተኛውን አትሞክሩት። ምክንያቱ ብረቱ ውስጥ ነው ያለው።

ልዩነቱን ሁሉ በአንድ ዕቃ አሳይ ብባል ሎው ሬንጅን እመርጣለሁ። ከዋናው ካምቢዮ ኋላ የሚቀመጥ ተጨማሪ የማርሽ ሳጥን ነው። ሲገባ የጎማውን ፍጥነት ይቀንስና ጉልበቱን እንደ መኪናው ከ2 እስከ 4 እጥፍ ያበዛል። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ቁልቁለት ላይ ነው። ሾፌሩ ሎው አንደኛ ያስገባና እግሩን ከፍሬንም ከነዳጅም ያነሣል፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይዞ ከሰው እርምጃ በዘገየ ፍጥነት ያወርደዋል፤ አራቱም ጎማ እየዞረ ስለሆነ መሪው ይታዘዛል። ሎው የሌለው መኪና ያንኑ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ይወርዳል። ፍሬኑ ይግላል። ዛሬ ብዙዎቹ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን በራሱ እየነካካ የሚያወርድ ኤሌክትሮኒክስ አላቸው፤ እሱም የሚሠራው በዚያው በሚግለው ፍሬን ነው። ዳገት ላይም እንዲሁ ነው። ሎው ያለው መኪና ጎማውን ድንጋዩ ላይ አስደግፎ ቀስ እያለ ይወጣል። ሎው የሌለው ትንሽ ሮጥ ብሎ መምጣት አለበት፤ የመኪና ሆድና ሴሚያስ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) የሚሰበሩት ደግሞ በዚያች ሩጫ ነው። በቁጥር ለሚፈልግ፣ ከኮምፓክቶቹ መካከል ለከባድ መንገድ የተሰናዳው ጂፕ ሬኔጌድ ትሬይልሆክ በዝቅተኛው ማርሽ ላይ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ 20 ጊዜ ያህል ይዞራል። በአሁኑ ጂፕ ራንግለር ሩቢኮን ላይ ይህ ቁጥር ከ70 በላይ ነው።

ቀጥሎ «የኋላዎቹ ጎማዎች ሲያስፈልግ ይጠራሉ» ያልነው ነገር አለ። የሚጠራቸው ብዙ ስስ ሳህኖች የተደራረቡበት ፍሪሲዮን ነው። ኮምፒውተሩ የፊት ጎማ መንሸራተቱን ሲያይ ሳህኖቹን ያጣብቃቸዋል፤ ኃይል ወደ ኋላ ይሄዳል። ጭቃማ ዳገት ላይ፣ እርጥብ ሣር ላይ፣ በረዶ ላይ ሥራው የሰከንዶች ስለሆነ ድንቅ ነው። ጥልቅ አሸዋ ግን ሰከንድ አያውቅም። መኪናው ሳይቆም ግማሽ ሰዓት ይገፋል፤ ሳህኖቹ እየተንሸራተቱ ይግላሉ፤ በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ፍሪሲዮኑ እንዳይቃጠል ብሎ ይለቀዋል። ዳሽቦርዱ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የሚነዱት በፊት ጎማ ብቻ የሚጎተት መኪና ነው። እስኪበርድ መቆም ያስፈልጋል። ሲቪቲ የሚባለው፣ በማርሽ ፈንታ በቀበቶ ወይም በሰንሰለት የሚሠራው ካምቢዮ ያላቸውም በዝግታና በከባድ ጭነት ሲሠሩ ዘይታቸው ቶሎ ይሞቃል። ስለዚህ «የእኔ መኪና ያን ኮረብታ ወጥቷል» የሚል ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል። አሥራ አምስተኛውን ይወጣል ወይ ነው ጥያቄው።

አንድ ቦታ ቆም ብለን ቀረብ ብለን እንየው። መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል፤ ጉድጓዶቹ በሰያፍ ይመጣሉ። የፊት ቀኝ ጎማ ጉብታ ላይ ወጣ፤ የኋላ ግራውም ወጣ። የፊት ግራና የኋላ ቀኝ ጎማዎች ወደ ታች ተዘርግተው መሬት መንካት ነበረባቸው፤ ግን የመኪናው ስፕሪንግና ክንድ አጭር ስለሆነ አልደረሱም፤ አየር ላይ ተንጠለጠሉ። ሾፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ የተንጠለጠሉት ሁለቱ በነፋስ ላይ ይሽከረከራሉ፤ መሬት የያዙት ሁለቱ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ዲፈረንሻል፣ ማለትም ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያካፍለው የማርሽ ሳጥን፣ ጠባዩ ነው፤ በቀላሉ ለሚዞረው ጎማ ያደላል። ለከባድ መንገድ የተሠሩ ብዙ መኪኖች እዚህ ላይ ዲፈረንሻሉን የሚቆልፍ ቁልፍ አላቸው። ኮምፓክት ኤስዩቪ ያለው በነፋስ የሚዞረውን ጎማ በፍሬን ይዞ ኃይሉን ወደ ሌላው የሚገፋ ኤሌክትሮኒክስ ነው። ይህም ይሠራል፤ ግን ሾፌሩ ነዳጁን ሳይለቅ አንድ ሁለት ሰከንድ መታገሥ አለበት። ብዙ ሰው ጎማው ሲሽከረከር ሰምቶ ደንግጦ እግሩን የሚያነሣው ኤሌክትሮኒክሱ ሥራውን ሊጀምር ሲል ነው። ይህን አንድ ነገር የተማረ ሾፌር በዚያው መኪና ብዙ ርቆ ይሄዳል።

ስለ ከፍታ ብዙ ይወራል፤ ብቻውን ግን ትንሽ ነው የሚናገረው። ፎሬስተር ከመሬት 220 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል፤ ሱዙኪ ጂምኒ 210። በወረቀት ፎሬስተር ይበልጣል። ጂምኒ ግን አፍንጫው አጭር ስለሆነ 37 ዲግሪ የቆመ ዳገት ፓራውልቱ ሳይነካ ይገጥማል፤ ከዳገቱ ሲወርድ በኋላ በኩል 49 ዲግሪ አለው። አብዛኞቹ ኮምፓክት ኤስዩቪዎች ከፊት 20 ዲግሪ አካባቢ ናቸው፤ ቁልቁለቱን ጨርሰው ወደ ወንዝ ወለል ሲገቡ መጀመሪያ የሚነካው ፓራውልታቸው ነው። ሌላም አለ፤ ሰውና ዕቃ ሲሞላ፣ ጎማውም ጉብታ ሲመታ፣ ሆዳቸው ወደ መሬት ይወርዳል፤ በፋብሪካ የተለካችው 220 ሚሊ ሜትር እዚያ የለችም።

ጂምኒን ካነሣን፣ ጥፋቱ የመኪናው ማነስ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። ጂምኒ ከኮምፓክት ኤስዩቪዎች ሁሉ ያነሰ ነው፤ ግን ሻንሲ አለው፣ ሎው ሬንጅ አለው፣ ከፊትም ከኋላም ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያያይዝ አንድ ወጥ አክስል አለው። ላዳ ኒቫ እ.ኤ.አ. በ1977 ሲወጣ ሻንሲ አልነበረውም፣ አካሉ እንደ ቤት መኪና ወጥ ነበር፤ ሆኖም ሎው ሬንጅና የሚቆለፍ የመካከል ዲፈረንሻል ተሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሱዙኪ ግራንድ ቪታራም በብዙ ገበያ ሎው ሬንጅ ነበረው። ከእነዚህ አንዱን የያዘ ሰው «ትንሽ ነው» ሲሉት መቀበል የለበትም። ትንሽነት እንዲያውም ቀላልነት ነው፤ አሸዋ ላይ ደግሞ ቀላል መኪና ትልቅ ዕድል አለው።

ያለውን ኮምፓክት ኤስዩቪ ይዞ ለሚወጣ ሰው ከሁሉ በፊት የምመክረው ጎማ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው ጎማ ለአስፋልት ጸጥታና ለነዳጅ ቁጠባ የተሠራ ነው፤ ጎኑ ስስ ነው። ለጠጠርም ለአስፋልትም የሚሆን፣ ጎኑ ወፈር ያለ ጎማ መቀየር ከየትኛውም ጌጥ ይበልጣል። ከዚያ ነፋሱን መቀነስ መልመድ ነው። አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የሚነፋ ጎማ አሸዋ ላይ ወደ 18 ሲወርድ መሬት የሚነካው ክፍል ይረዝማል፤ መኪናው አሸዋውን መቆፈር ትቶ በላዩ ይሄዳል። አስፋልት ላይ ሲመለሱ መልሶ መንፋት ግድ ስለሆነ ትንሽ ኮምፕረሰር ከመኪናው አይለይም። ወንዝ ሲገጥምም በእግር ገብቶ ጥልቀቱን መለካት ነው፤ የሞተሩ አየር መሳቢያ ዝቅ ያለ ስለሆነ ውኃ አንዴ ከሳበ፣ ውኃ አይታመቅምና ቢየላው (ፒስተኑን የያዘው ክንድ) ይጣመማል።

መኪናው አሸዋ ወይም ጭቃ ውስጥ ሲያዝ ደግሞ ሌላው መኪና የሚጎትትበት ቦታ ያስፈልጋል። ኮምፓክት ኤስዩቪ ፓራውልቱ ላይ ካለች ትንሽ ክዳን ኋላ የምትጠመዘዝ አንዲት ቀለበት አለችው። እሷ የተበላሸ መኪና ጠፍጣፋ መንገድ ላይ በዝግታ ለመጎተት ናት። እስከ ሆዱ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ መኪና በሚለጠጥ ገመድ ሲጎተትባት ልትበጠስ ትችላለች፤ ያኔ ብረቷ እንደ ጥይት ትሄዳለች። ተጎታች የሚታሰርባት የኋላ ኳስም በዚሁ ምክንያት ሰው ገድላለች፤ ገመድ በጭራሽ አይታሰርባት። ብቻውን ላለ ሰው አካፋና ጎማ ሥር የሚነጠፉ ሁለት ሰሌዳዎች ከገመድ ይሻሉታል፤ ጎማውን ቆፍሮ፣ ነፋሱን ቀንሶ፣ ሰሌዳውን አስገብቶ ይወጣል።

ከመነሣትዎ በፊት የኋላውን የዕቃ ቦታ ምንጣፍ ያንሡና ከሥሩ ያለውን ስኮርታ ይዩ። በብዙ ኮምፓክት ኤስዩቪዎች ላይ የሚያገኙት «ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይለፍ» የሚል የተጻፈበት ቀጭን ጎማ ነው። አንዳንዶቹ ያም የላቸውም፤ የቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽ ጠርሙስ ብቻ ነው ያለው። ምስማር የበሳውን ይደፍነው ይሆናል፤ ድንጋይ ጎኑን የቀደደውን አይደፍንም። ስለዚህ ሙሉ መጠን ያለው ጎማ ከነቸርኬው፣ ሰው ወደሌለበት ከሆነ ሁለት፣ መያዝ ያስፈልጋል። ሲጭኑትም ጣሪያ ላይ አይሁን፤ እዚያ ያለ ክብደት በጎን ተዳፋት ላይ መኪናውን ወደ ታች ይስበዋል። ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ጠጋ አድርገው በደንብ ይሰሩት።