ሊኑክሱ አልጠፋም፤ ፎርማት አታድርጉት

ዊንዶውስና ሊኑክስ የሚባሉት ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች አብረው ከተጫኑበት ኮምፒውተር አንዱ አልነሳ ሲል፣ ሰው ሁሉ የሚያዘው መድኃኒት አንድ ነው፦ ፎርማት። ይህን መስማት ሰልችቶኛል።

«ዊንዶውስ አፕዴት ካደረገ በኋላ ሊኑክሱ ጠፋ።»

አልጠፋም! ኮምፒውተሩ ሲበራ ከየትኛው እንደሚጀምር የሚወስነው ዝርዝር የተቀመጠው ማዘርቦርዱ ላይ ነው። አፕዴቱ አንዳንዴ ዊንዶውስን ከዝርዝሩ አናት ላይ ያወጣዋል። በቃ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው። ፋይሎቻችሁ ከነፓርቲሽናቸው፣ ማለትም ከነዲስክ ክፍላቸው፣ እዚያው አሉ።

ኮምፒውተሩ እንደበራ ቡት ሜኑውን፣ ማለትም ያንን ዝርዝር፣ የሚከፍተውን ቁልፍ ተጫኑ። እንደ ሞዴሉ ኤፍ12፣ ኤፍ9 ወይም ኢስኬፕ ሊሆን ይችላል። «ኡቡንቱ» ወይም የጫናችሁት ሊኑክስ ስም ካለ ምረጡት። ከተነሳ፣ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ገብቶ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ብቻ ነው የሚቀረው። ስሙ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ሊኑክስን ከፍላሽ አስነስቶ የማስነሻ ሜኑውን፣ ማለትም ግራብን፣ መልሶ መጫን ነው። የግል ፋይል አይነካም። ለማንኛውም ከፍላሹ እንደተነሳችሁ መጀመሪያ ፋይላችሁን ኮፒ አድርጉ።

አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏ ሊኑክሱ ላይ ነበር። አንድ «ባለሙያ» ዲስኩን ጠራርጎ ዊንዶውስ ብቻ ጭኖ ሰጣት። እኔ ጋ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውየው ቡት ሜኑውን እንኳ አልከፈተም!

«ዊንዶውሱ ከግራብ ሜኑ ላይ ጠፋ።»

ይህም ያው ነው። በ2021 ከወጣው ግራብ 2.06 ወዲህ፣ ሌላ ሲስተም ፈልጎ ሜኑው ላይ የማስገባቱ ሥራ ካላበራችሁት በቀር ዝግ ነው። አብሩትና ሜኑውን አፕዴት አድርጉ።

«ሴኪዩር ቡትን አጥፋው፣ ይነሳል።»

ሴኪዩር ቡት ያልተፈቀደ ማስነሻን የሚያግድ ጥበቃ ነው፤ አባባሉ አንዳንዴ እውነት ነው። በፈረንጆቹ ኦገስት 2024 የወጣ የዊንዶውስ አፕዴት የቆዩ የሊኑክስ ማስነሻዎችን አግዶ ብዙ ሰው አስቸግሯል። ግን ዲስኩ በቢትሎከር፣ ማለትም በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ ከተቆለፈ፣ ይህን ሴቲንግ ስትነኩ ዊንዶውስ ባለ48 አሃዝ የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁጥሩን ሳትይዙ እጃችሁን ሰብስቡ።

«ሰዓቱ የሚዛባው ባትሪው ስለሞተ ነው።»

ሲስተም በቀየራችሁ ቁጥር ከሆነ፣ አይደለም። ዊንዶውስ ማዘርቦርዱ ላይ የአካባቢውን ሰዓት ይጽፋል፤ ሊኑክስ ዓለም አቀፉን። አንዱ የጻፈውን ሌላው በራሱ ስሌት ስለሚያነበው ነው የሚዛባው።

«ሊኑክስ የዊንዶውሱን ፓርቲሽን እንደ ልብ አላሠራኝ አለ፤ ዲስኩ ተበላሽቷል።»

ፋስት ስታርትአፕ ከበራ ዊንዶውስ ሻት ዳውን ሲደረግ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ በከፊል ይተኛል። ሊኑክስም መረጃ እንዳያበላሽ ብሎ እዚያ ላይ አይጽፍም። ዊንዶውስ ገብታችሁ ፋስት ስታርትአፕን አጥፉ፤ ከዚያ ሻት ዳውን አድርጉ።