የምርጫ ክልል ምንድን ነው? በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖር መራጭ የመስመሩ ትርጉም

የምርጫ ክልል ማለት ነዋሪዎቹ ለምክር ቤት ተወካይ በአንድነት እንዲመርጡ ወሰኑ በሕግ የተከለለ የአገር ክፍል ነው። ትርጉሙ አጭር ነው። ነገር ግን በቦሌ አራብሳ፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤት የሚኖር ሰው «የእኔ የምርጫ ክልል የትኛው ነው? ከእኔ ጋር በአንድ ላይ የሚቆጠሩትስ እነማን ናቸው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱን በቀላሉ የሚነግረው አያገኝም። ለዚህም ምክንያቱ የመራጩ ስንፍና አይደለም፤ ሕዝቡ ከመሀል ከተማ ወደ ዳር ሲፈልስ የምርጫ ክልሉን የሚከልለው መስመር ባለበት መቅረቱ ነው።

አስቀድሞ ቃሉን ራሱን ማጥራት ያስፈልጋል። «ክልል» ከለለ ከሚለው ግሥ የወጣ ነውና የተከለለ ማንኛውንም ቦታ ሊያመለክት ይችላል፤ በዕለት ተዕለት ንግግራችን ግን ክልል ሲባል የሚታሰበን ኦሮሚያ፣ አማራ ወይም ሶማሌ ነው። በዚያ ላይ ክፍለ ከተማና ወረዳ ይጨመራሉ። በሰፈራችን የእድር ስብሰባ ላይ አንዲት እናት «ልጄ፣ አሁን የምንመርጠው የወረዳውን አስተዳዳሪ ነው ማለት ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ያውቃሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር፤ መታወቂያ የሚያድሱት፣ ለማንኛውም ጉዳይ የሚሄዱት ወረዳ ነውና። «አይደለም እማማ፣ ወረዳው አገልግሎት የሚያገኙበት ነው፤ ድምፅዎ የሚደመረው ግን በሌላ መስመር ነው» አልኳቸው፤ ከዚያ በኋላ ያንን «ሌላ መስመር» ለማስረዳት የፈጀብኝ ጊዜ ይህን እንድጽፍ አነሳሳኝ።

ነገሩ በሦስት እርከን ሊታይ ይችላል። መራጩ ተመዝግቦ ድምፅ የሚሰጠው በምርጫ ጣቢያ ሲሆን፣ በአንድ ጣቢያ የሚመዘገበው ሰው ቁጥር ከ1500 እንዳይበልጥ ተወስኗል። በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ ብዙ ጣቢያዎች አሉ፤ የሁሉም ውጤት ተደምሮ አሸናፊው የሚለየው በምርጫ ክልሉ ደረጃ ነው። ወረዳና ክፍለ ከተማ በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የላቸውም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፤ አብላጫ ማለትም ከሌሎቹ ከእያንዳንዳቸው የበለጠ ማለት እንጂ ከግማሽ በላይ ማለት አይደለም። ስለዚህ መስመሩ በየት በኩል እንዳለፈ ማወቅ ማን ሊያሸንፍ እንደሚችል የማወቅ ያህል ክብደት አለው። በ1997ቱ ምርጫ ተቃዋሚዎች በአዲስ አበባ ያሉትን 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ ወሰዱ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በ2002 ደግሞ በዚያው ከተማ ኢሕአዴግ 22ቱን ወሰደ። የሰው አስተሳሰብ በአምስት ዓመት ውስጥ የመቀመጫውን ያህል ተገለባብጦ አልነበረም፤ እያንዳንዱ የምርጫ ክልል በተወካዮች ምክር ቤት አንድ መቀመጫ ብቻ ስላለው የተሸናፊው ድምፅ ምንም ያህል ቢበዛ በምክር ቤቱ ውስጥ አይታይም።

ሕገ መንግሥቱ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ፣ ከእነዚህም ቢያንስ 20ው የተለየ ውክልና ለሚያስፈልጋቸው አናሳ ብሔረሰቦች እንዲሆን ይደነግጋል። በተግባር ያለው ቁጥር 547 ነው። ከእነዚህ ውስጥ የአዲስ አበባ ድርሻ 23 ሲሆን፣ የከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎችም ለ23 ሲካፈሉ ለአንድ የምርጫ ክልል 6 ይደርሳሉ። እንግዲህ አንድ የመስመር ስሕተት ሰባት ወንበሮችን፣ አንድ የተወካዮች ምክር ቤትና ስድስት የከተማው ምክር ቤት፣ ይነካል ማለት ነው። የከተማዋ የአንዳንድ የምርጫ ክልሎች መጠሪያ ቁጥር ዛሬ በሥራ ላይ ያሉትን ወረዳዎች ሳይሆን፣ ከተማዋ በ1995 በክፍለ ከተማ ከመዋቀሯ በፊት የነበሩትን 28 ወረዳዎች የተከተለ ነው። ይህን ያወቅሁ ቀን ብዙ ነገር ገባኝ፤ የቤቴን አድራሻ በአዲሱ አጠራር እጽፋለሁ፣ ድምፄ ግን አሁን በሌለ ወረዳ ጥላ ሥር ይቆጠራል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንግባ። በጥቅምት 1987 በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2,112,737 ነበር፤ ለ23 ሲካፈል አማካዩ 92 ሺህ ያህል ነው። በግንቦት 1999ኙ ቆጠራ 2,739,551 ስለደረሰ አማካዩ ወደ 119 ሺህ ከፍ አለ። በዚያው ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ ከ73 ሚሊዮን በላይ ነበርና፣ ለ547 ቢካፈል አማካዩ 135 ሺህ ይጠጋል። በእነዚህ ቁጥሮች መሠረት አዲስ አበባ ከሌላው አገር ያነሰ ውክልና አላት ብሎ መከራከር አይቻልም፤ እኔም አልከራከርም። ችግሩ ያለው በከተማዋ ውስጥ፣ በመሀሉና በዳሩ መካከል ነው። አማካይ ቁጥር ይህን ልዩነት ይሸፍነዋል።

ከ1999 ወዲህ በዳርቻው የሆነውን ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። እርሻ የነበረው የየካ አባዶና የቦሌ አራብሳ መሬት በባለ አራትና በባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃዎች ተሞላ፤ ልደታና አራት ኪሎ አካባቢ የነበሩ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው በየአቅጣጫው ተበተኑ፤ በ2017 ደግሞ ከካዛንቺስ የተነሱ ብዙ ቤተሰቦች ገላን ጉራ ገቡ። በሕዝብ ብዛት ምክንያት በ2013 ለሚ ኩራ የተባለ አስራ አንደኛ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም፣ አስተዳደሩ የዳርቻውን ማደግ አምኖ ተቀበለ ማለት ነው። የምርጫ ክልሎቹ ቁጥር ግን 23 እንደሆነ ቀረ። ለአብነት ያህል መሀል ከተማ ያለ አንድ የምርጫ ክልል ሰዎቹ ተነስተውበት 60 ሺህ ነዋሪ ቢቀረው፣ ዳር ያለው ደግሞ 240 ሺህ ቢደርስ፣ ሁለቱም የሚልኩት አንድ አንድ ተወካይ ነው፤ የዳርቻው ነዋሪ ድምፅ የመሀሉን ሩብ ብቻ ይመዝናል። እነዚህ ቁጥሮች ለማስረዳት የቀረቡ ናቸው፤ ትክክለኛውን ልዩነት ሊነግረን የሚችለው ቆጠራ ብቻ ነው።

ሕገ መንግሥቱ ይህ እንደሚመጣ አስቀድሞ አስቦበታል። አንቀጽ 103 ንዑስ አንቀጽ 5 የሕዝብ ቆጠራ በየአስር ዓመቱ እንዲካሄድ፣ በውጤቱም መሠረት ምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን አከላለል እንዲወስን ያዛል። አሠራሩ ሦስት እጆች የሚቀባበሉት ነው፤ ቆጣሪው ቁጥሩን ያመጣል፣ ቦርዱ መስመሩን ይነድፋል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። የመጀመሪያው ካልሠራ ሌሎቹ ሁለቱ የሚይዙት ነገር የላቸውም። ከ1999ኙ ቀጥሎ ሊካሄድ የታሰበው ቆጠራ በፀጥታ ምክንያት በተደጋጋሚ ተራዝሟል፤ ስለዚህም በሰኔ 14 ቀን 2013 ስድስተኛው ምርጫ የተካሄደው በአሮጌው መስመር ነው።

ይህን ስል የተደረገውን ማሻሻያ ማናናቄ አይደለም። በኅዳር 2011 ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የቦርዱ ሰብሳቢ ሆነው ከተሾሙ በኋላ ቦርዱ በአዋጅ ቁጥር 1133/2011 እንደገና ተቋቁሟል፤ የምርጫውን፣ የፓርቲዎችን ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባርን በአንድ ያጠቃለለ አዋጅ ቁጥር 1162/2011ም ወጥቷል። እነዚህ ሕጎች የዳኛውን ነፃነትና የጨዋታውን ደንብ የተመለከቱ ናቸው። ሜዳው ራሱ በእኩል መለካቱ ግን የቆጠራ ጉዳይ ነውና ሳይነካ ቀረ። ለእኔ የምርጫ ሥርዓት ማሻሻያ ያለዚህ ግማሽ ሥራ ነው፤ ታማኝ ቆጣሪ ባልተመጣጠነ ክልል ውስጥ የሰጠነውን ድምፅ በታማኝነት ቢቆጥርልንም፣ የጎደለው ሚዛን አይሞላም።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ ተጨማሪ ነገር አለ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት የሚመረጡት በክልል ምክር ቤቶች አማካይነት ስለሆነና አዲስ አበባ ክልል ስላልሆነች፣ መስመሯን የሚወስነው ምክር ቤት ውስጥ የከተማው ምክር ቤት የላከው ሰው የለም። ይህ ቦርዱ የሚያዘጋጀውን ረቂቅ ክብደት ይጨምርለታል፤ የከተማው ነዋሪ ሐሳቡን ሊያሰማ የሚችለው ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት ነውና።

በከተማዋ ጠርዝ ላይ ደግሞ ጥያቄው ከክብደት ያልፋል። በነሐሴ 2014 የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የኦሮሚያ ክልል መንግሥት በወሰን ጉዳይ መስማማታቸውን አስታወቁ፤ ጥቂት ቆይቶም በዙሪያው ያሉት ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን በሸገር ከተማ ሥር ተዋቀሩ። ወሰኑ በአንድ ሰፈር መሀል ሲያልፍ፣ ከመንገዱ ወዲህ ያለው ነዋሪ ለአዲስ አበባ ምክር ቤት፣ ወዲያ ያለው ለጨፌ ኦሮሚያ ይመርጣል። ሁለቱ በአንድ ታክሲ ወደ መገናኛ ይሄዳሉ፣ ልጆቻቸውም በአንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ስለ ውኃና ስለ መንገድ የሚጠይቁት ተወካይ ግን የተለያየ ነው። በራሱ ይህ ጥፋት አይደለም፤ ወሰን ያለበት ቦታ ሁሉ እንዲህ ነው። ጥፋት የሚሆነው ነዋሪው ከየትኛው ወገን እንደሆነ እስከ ምዝገባው ቀን ሳያውቅ ሲቀር ነው።

ምዝገባውን እኔም አልረሳውም። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መራጭ ሆኖ ለመመዝገብ ዕድሜ 18 መሙላትን፣ በምርጫ ክልሉም ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርን ይጠይቃል። ወደ አራብሳ ከገባሁ ከዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር፤ መታወቂያዬ ግን የቀድሞ ሰፈሬ ነበር፤ መሸኛ ለማግኘት ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ፋይሉ አልተገኘም በመባሌ አልቀየርኩትም። በአዲሱ ሰፈሬ «መታወቂያህ የእዚህ አይደለም» ተባልኩ፤ በቀድሞው ብመዘገብ ደግሞ ከማልኖርበት ቦታ መምረጤ ነው። በመጨረሻ መሸኛው ተገኝቶ ተመዘገብኩ፤ ከእኔ ኋላ ተሰልፈው የነበሩ፣ ሥራ ትተው ሁለተኛ ቀን መምጣት ያልቻሉ ጎረቤቶቼ ግን ሳይመዘገቡ ቀሩ። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከመሀል ወደ ዳር በሚዘዋወሩበት ከተማ የስድስት ወሩ ደንብና የመሸኛው ወረቀት ተደምረው ማንን እንደሚያስቀሩ መገመት አያስቸግርም፤ የሚቀረው ተከራዩ፣ አዲስ ገቢውና ከቤቱ የተነሳው ነው።

ሌሎች አገሮች በዚህ ረገድ የሚወሰድ ልምድ አላቸው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት የምርጫ ክልሎቿን ቁጥር 290 አድርጋ፣ ወሰናቸው ከ8 ዓመት ባላነሰና ከ12 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ እንዲከለስ ወስናለች። የአንዱ ክልል ሕዝብ ከአማካዩ በ30 በመቶ፣ በከተሞችና ሕዝብ በሳሳባቸው አካባቢዎች ደግሞ በ40 በመቶ ብቻ ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ይችላል። ከሁሉ በላይ የምወደው ድንጋጌ ክለሳው ከምርጫው ቢያንስ 12 ወር አስቀድሞ ካልተጠናቀቀ ለዚያ ምርጫ እንዳይሠራበት የሚከለክለው ነው። መስመርን በምርጫ ዋዜማ ማንቀሳቀስ፣ በቅን ልቡና ቢደረግ እንኳ፣ ለማን እንደተደረገ ጥርጣሬ ይፈጥራልና። ጋና ይህን በከባድ ዋጋ አይታዋለች፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ሳንትሮኮፊ፣ አክፓፉ፣ ሊክፔና ሎሎቢ የተባሉ አራት አካባቢዎች ነዋሪዎች፣ በክልል ወሰን ለውጥ ምክንያት የምርጫ ክልላቸው ሳይለይ በመቅረቱ፣ ለፕሬዚዳንት እንጂ ለፓርላማ መምረጥ እንደማይችሉ በምርጫው ዋዜማ ተነገራቸው። አራት ዓመት ሙሉ በፓርላማ ተወካይ አልነበራቸውም። በሸገርና በአዲስ አበባ ወሰን ላይ የምንኖር ሰዎች ይህን ታሪክ በጥሞና ልናነበው ይገባል።

ቆጠራው እስኪካሄድ ድረስ መስመሩን መለወጥ አይቻልም፤ ግምትን መሠረት አድርጎ መከለል ከአሮጌው የባሰ ጭቅጭቅ ያመጣል። ቆጠራውን ሳይጠብቁ ሊሠሩ የሚችሉ ነገሮች ግን አሉ። የእያንዳንዱ የምርጫ ክልል ካርታ በጋራ መኖሪያ ቤት ሳይት፣ በብሎክና በመንገድ ስም ተዘርዝሮ በየወረዳው ግድግዳ ላይ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ቢለጠፍ ማንም ድምፁ የት እንደሚደመር ያውቃል። በዳርቻው ሳይቶች ተጨማሪ ጣቢያዎች ቀድመው ቢከፈቱ ሰልፉ ይቀንሳል። መሸኛ ያላገኘ ነዋሪ ስድስት ወር መኖሩን በጎረቤት፣ በእድር ወይም በቤት ኪራይ ውል እንዲያስረዳ ወጥ መመሪያ ቢኖር፣ መዝጋቢው በየጣቢያው የራሱን ሕግ አያወጣም። እነዚህ ሁሉ ከምዝገባው ወራት በፊት እንጂ በምዝገባው ሳምንት የሚሠሩ አይደሉም፤ እኔም በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ ለወረዳው የሚቀርብ የጽሑፍ ጥያቄ እንድናዘጋጅ ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ የሚሰፍረውም «የእኛ ብሎኮች በየትኛው የምርጫ ክልል ውስጥ ናቸው?» የሚል ነው።