አሸናፊና ተሸናፊ የሌለበት ሽልማት፦ የኤደንብራው መስፍን የወጣቶች መርሃ ግብር

ሽልማት ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ውድድር ነው። በዓለም አቀፉ የኤደንብራው መስፍን ሽልማት ግን ማንም ከማንም ጋር አይወዳደርም። ወጣቱ የራሱን ግብ ያወጣል። ለዚያ ግብ በየሳምንቱ ጊዜ ይሰጣል። ከጨረሰ ሽልማቱ የሱ ነው፤ ጓደኞቹም ከጨረሱ የነሱም ነው። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 24 የሆኑ ወጣቶች የሚሳተፉበት ሲሆን፣ ዛሬ ከ130 በላይ በሆኑ አገራትና ግዛቶች ይካሄዳል።

የሐሳቡ አባት ኩርት ሃን የተባለ ጀርመናዊ መምህር ነው። ሃን ሂትለርን በግልጽ በመቃወሙ በ1933 እ.ኤ.አ. ታሰረ፤ ከተፈታ በኋላ ወደ ብሪታንያ ተሰደደ። በ1934 ስኮትላንድ ውስጥ ጎርደንስተን የተባለውን ትምህርት ቤት ከፈተ። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ በኋላ የብሪታንያ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ባል የሆነው ልዑል ፊሊፕ ነበር። ሃንን የሚያሳስበው ነገር ነበረው፤ ወጣቶች የአካል ብቃታቸው፣ ተነሳሽነታቸው፣ የእጅ ሙያቸውና ለሰው ያላቸው ርኅራኄ እየቀነሰ ነው ብሎ ያምን ነበር። መፍትሔው ምክር ሳይሆን ሥራ መስሎ ታየው፤ መዋኘት፣ ተራራ መውጣት፣ በእጅ መሥራት፣ ሰው መርዳት።

ያ ተማሪ አድጎ የኤደንብራ መስፍን ከሆነ በኋላ፣ በ1956 የመምህሩን ሐሳብ ለወጣቶች የሚሆን መርሃ ግብር አደረገው። መጀመሪያ የታሰበው ስካውትን በመሳሰሉ ማኅበራት ላልተሳቡ ወንዶች ልጆች ነበር። ሴቶች በ1958 ገቡ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ጆን ሃንት ነው፤ በ1953 ኤቨረስትን ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጠውን ቡድን የመራው ሰው። ሃንት ራሱ ጫፍ አልደረሰም። ለመጨረሻው ካምፕ የሚሆን ዕቃ ተሸክሞ ከፍ ካለ ቦታ አደረሰና ተመለሰ፤ ጫፉን የረገጡት ሂላሪና ቴንዚንግ ናቸው። ለእንዲህ ያለ መርሃ ግብር ከዚህ የተሻለ መሪ አይታየኝም።

ሽልማቱ ነሐስ፣ ብርና ወርቅ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት። በሁሉም ደረጃ አራት ነገሮች ይሠራሉ፦ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ክህሎት እና የጀብዱ ጉዞ። ወርቅ ላይ ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር አምስት ቀንና አራት ሌሊት አብሮ የመኖር ሥራ ይጨመራል። ለነሐስ ቢያንስ ስድስት ወር ያስፈልጋል። ያለ ቀዳሚ ደረጃ በቀጥታ ወርቅ የጀመረ ደግሞ ቢያንስ አንድ ዓመት ተኩል ይፈጅበታል።

ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ጉዞው ነው፣ ቢወራለትም አይበዛበትም። ከአራት እስከ ሰባት ልጆች ቡድን ይመሠርታሉ። ካርታ ማንበብ፣ ኮምፓስ መጠቀም፣ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ፣ ድንኳን መትከልና ሜዳ ላይ ማብሰል ይማራሉ። ከዚያ የልምምድ ጉዞ ይወጣሉ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ የሚታየው፦ ቦርሳው ከበደ፣ እግር ውሃ ቋጠረ፣ መንገዱ ተሳሳተ። ዋናው ጉዞ ለነሐስ ሁለት ቀን፣ ለብር ሦስት፣ ለወርቅ አራት ቀን ነው። በእግር፣ በብስክሌት፣ በታንኳ ወይም በፈረስ መሄድ ይቻላል። አዋቂዎች አብረው አይሄዱም። ተቆጣጣሪው በአካባቢው ሆኖ ደኅንነታቸውን ይከታተላል እንጂ መንገድ አይመራም። ዝናብ ሲመጣ ማረፍ ወይስ መቀጠል? የደከመውን ልጅ ዕቃ ማን ይያዝለት? ውሳኔው የነሱ ነው።

እኔ ግን የሽልማቱ ልብ ያለው የክህሎቱ ክፍል ውስጥ ነው እላለሁ። ምርጫው የወጣቱ ነው፤ ጊታር፣ ልብስ ስፌት፣ ኮዲንግ፣ ንብ ማነብ፣ የምልክት ቋንቋ፣ ምንም ይሁን። የሚጠየቀው በሳምንት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ለወራት ሳይቋረጥ መሄድ አለበት። መነሻው ዜሮ ቢሆንም ችግር የለውም። ሥራውን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ይከታተለዋል፤ በመጨረሻም ልጁ ከተነሳበት ምን ያህል እንደራቀ ይመሰክራል። ሦስት ወር ተለማምዶ አንድ ዘፈን እየተንተባተበ የሚጫወት ልጅ፣ በዚህ ሚዛን በደንብ ሠርቷል።

ስሙ ከአገር አገር ይለያያል። በኬንያ የፕሬዚዳንቱ ሽልማት ይባላል፤ በአየርላንድም እንዲሁ የፕሬዚዳንቱ ሽልማት የሆነ ጋሽካ (Gaisce) የተባለ አቻ አለው። በጋና የርዕሰ ብሔሩ ሽልማት ነው።

አንድ እውነተኛ ችግር አለ፣ እሱም ወጪ ነው። ድንኳን፣ ጥሩ ጫማና የዝናብ ልብስ ሁሉም ቤት አይገኝም። ስለዚህ ዕቃ የሚያውሱ ትምህርት ቤቶችና የወጣት ማዕከላት መኖራቸው ወሳኝ ነው። አካል ጉዳት ያለባቸው ተሳታፊዎችም አሉ፤ ጉዞው ለአቅማቸው በሚስማማ መንገድ ይዘጋጃል።

መሃል ላይ ያቋረጠ ወጣትም አይባረርም። ፈተና መጥቶ፣ ታሞ ወይም ቤተሰቡ ቦታ ቀይሮ ሊሆን ይችላል። 25 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ተመልሶ ካቆመበት መቀጠል ይችላል።